የመለሱብኝ ጉርሻ

የበደሉኝ የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በጥር፣ በአንዲት ልጄ የመልስ ቀን፣ ገርጂ ከምኖርበት ኮንዶሚንየም ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ «እትዬ» እያልኩ በአንቱታ ጠርቻቸዋለሁ። እዚህም የምጽፈው እንደዚያው ነው፤ ምላሴ ለምዶ እንጂ አክብሮት ተርፎኝ አይደለም።

ሙሽሮቹ ከመሶቡ ፊት ተቀምጠዋል። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበርና ልጄንና ባሏን ማጉረስ የእኔ ድርሻ ነው። እጄን ታጠብኩ። ከዶሮው ከሥጋውም ከእንቁላሉም አድርጌ ደህና ጉርሻ ጠቀለልኩና ወደ ልጄ አፍ ዘረጋሁ። እትዬ ከጎኔ ነበሩ። አንጓዬን ያዙና ቀስ አድርገው ወደ ታች መለሱት።

«አንቺ እጅሽን አሳርፊ፣ የኔ እመቤት» አሉ፣ ድንኳኑ በሙሉ እንዲሰማ። «ሙሽራውን ገና ከአሁኑ እንዳናሳክከው!»

ሰው ሳቀ። የሙሽራው እናትም ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች እንጂ አይቻታለሁ። እትዬ በዚያ ለስላሳ እጃቸው፣ ቀለበት በሚያምርበት እጃቸው፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ልጄም አፏን ከፈተችላቸው። ቀጥለው ሙሽራውን አጎረሱ፣ እንደገና ልጄን። እልልታው ቀለጠ። የእኔ ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ። ወደ መሶቡ ብመልሰው ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ሰው ፊቱን እስኪያዞር ጠብቄ እኔው በላሁት።

እጄ ላይ ያለው ችፌ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላስታውስም፤ ስናገር ሰው ራሱን ይነቀንቃል፣ እጁን ግን ወደ ኪሱ ይከታል። የጀመረኝ አርባዎቹን ከገባሁ በኋላ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ነው። መጀመሪያ በጣቶቼ መሀል ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ያሳክካሉ። ይፈርጣሉ። ከዚያ ቆዳው ይደርቅና እንደ ክረምት ጭቃ በበጋ ይሰነጠቃል። ሽንኩርት ስከትፍ የማለቅሰው ዓይኔን አቃጥሎኝ አልነበረም፣ እጄን እንጂ።

ሰው ሰላም ሲለኝ አንጓዬን መስጠት ለመድኩ፤ ዕቃ ሳጥብ እንደደረሰብኝ። «ይቅርታ፣ እጄ እርጥብ ነው» እላለሁ። ቢሮ ውስጥ እጄ እርጥብ ነው። መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ እጄ እርጥብ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ እጄ እርጥብ ነበር። ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ ትሪ ከበን ስንበላ፣ እኔ ላጉርስሽ ያልኳት «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትለኛለች። ከእኔ ቀጥላ ያለችው ስታጎርሳት ግን ትጎርሳለች። ጥጋቡ የሚመጣው የእኔ እጅ ሲደርስ ነው።

ቅባት ያልሞከርኩት የለም። ፋርማሲ ያለው ይቀባል፣ እሬቱ ይቀባል፣ ቫዝሊኑ ይቀባል። ጠበልም ገብቻለሁ። ሐኪም ያዘዘልኝ ቅባት ለሁለት ሳምንት ያህል እጄን የሰው እጅ ያስመስለዋል፤ ከዚያ ሲመለስ ብሶ ነው።

እትዬ ልጅ አልወለዱም። ጉርድ ሾላ ግቢ ያለው ቤት አላቸው። ልጄ ትምህርት ሲዘጋ የምትውለው እዚያ ነበር፣ ፀጉሯን የሚሠሩላትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እኔ ልሥራልሽ ብዬ ሳስቀምጣት፣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ «እማዬ ጣትሽ ፀጉሬን ይይዘዋል፤ እቴቴ ትሥራኝ» አለችኝ። ልጅ ናት፣ የተሰማትን ነው የተናገረችው። እኔ ግን ያን ቀን ማበጠሪያውን አስቀምጬ፣ ታክሲ አሳፍሬ እትዬ ቤት ወስጃታለሁ። እሳቸው በሩን ከፍተው «መጣሽልኝ!» ሲሉና እሷ እላያቸው ላይ ስትጠመጠም ቆሜ አይቻለሁ። ባሌ እህቱን በጣም ይወዳቸው ነበር። እኔ ቀናሁ ብዬ ብነግረው ምን ሊለኝ ነው? ስለዚህ አላልኩም።

ከመልሱ በኋላ እጄን ሳላድን አልሞትም አልኩ። መነሻዬ ጤና አልነበረም። ልጄ አንድ ቀን ትወልዳለች፣ ድግስ ይኖራል፣ ያን ጊዜ የማጎርሳት እኔ ነኝ። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት የእትዬን ምክር መስማት ነው። ይህን መጻፍ ይከብደኛል።

«ደምሽ ነው» ይሉ ነበር። «ቅቤና ሥጋ ደም ያቆሽሻል። ጹሚ። ጾም ያላነጻው ሰውነት የለም።»

«እጾማለሁ እኮ እትዬ።»

«ትጾሚያለሽ፣ ግን ከልብሽ አይደለም።»

እንግዲህ ከልቤ ጾምኩ። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሳይሆን፣ ሁዳዴና ፍልሰታ ብቻ ሳይሆን፣ ፋሲካ አልፎ ሰው ሁሉ ሲፈስክ እኔ በጾሜ ቀጠልኩ። ዓመት ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልቀመስኩም። ቁርስ ከሻይ ጋር ዳቦ፣ ምሳ ሽሮ፣ እራት ሽሮ። ጎረቤቶቼ ቆብ ልጭን መስሏቸው በአክብሮት ያዩኝ ጀመር። አንዷማ ደረጃ ላይ አስቁማኝ «እማማ፣ መቼ ነው የሚመነኩሱት?» አለችኝ። እጄ ግን ባሰበት። በጥፍሮቼ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሁሉ ተላጠ። አዝራር መቆለፍ አቃተኝ።

እትዬ መጥተው እጄን አገላብጠው አዩና ትንፋሽ ሳቡ። «ቂም አለብሽ» አሉኝ። «ቂም ይዞ ጾም አይሆንም።»

ቂም ነበረብኝ። እሱን ልክ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ቦሌ አካባቢ ካለ ክሊኒክ አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ወጣት ናት፣ ልጄን የምታህል። እጄን ያለ ጓንት ያዘችው። ያን ስታደርግ የምትናገረውን ለትንሽ ጊዜ መስማት አልቻልኩም።

«የችፌ ምክንያት ሁልጊዜ ምግብ አይደለም፣ እናቴ» አለችኝ። «ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ምግብ እየተወ ራሱን ይጎዳል። እርስዎም ዓመት ሙሉ ተጎድተዋል፤ እንቁላሉንም ወተቱንም ይመልሱ። ግን እስቲ የሚበሉትንና የእጅዎን ሁኔታ በየቀኑ ይጻፉልኝ።»

ሃያ ሰባት ዓመት መዝገብ ቤት ለሠራች ሴት ይህን ማዘዝ ማለት ምን እንደሆነ አላወቀችም። ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ የተበላው፣ የተነካው፣ የግራ እጅ፣ የቀኝ እጅ ብዬ አሰመርኩ። የበላሁትን ብቻ ሳይሆን የልብስ ሳሙናውንም መዘገብኩ። አንድም ቀን አላጎደልኩም። ሐኪሟ ባየችው ጊዜ «ሥራ ልቅጠርዎት?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከሐኪም ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ከደብተሩ የወጣው ነገር ያሳፍር ነበር። እጄ የሚብሰው በጾም ነው። በፍስክ ቀለል ይላል፣ ጾም ሲገባ ይነሳል። የሚያነጻኝ ብዬ የያዝኩት ነው የሚያቆስለኝ። ይህን ለሰው እንዴት ብዬ እናገራለሁ? ጾም አይስማማኝም ልበል? ደብተሩን ዘጋሁት።

በዚያው ዓመት፣ ሁዳዴ በገባ ሳምንቱ፣ ቦሌ አራብሳ የምትኖረው የገዛ እህቴ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ላስታምማት ሄጄ አምስት ሳምንት ተቀመጥኩ። እዚያም በጾሜ ነኝ። እዚያም ምሳ ሽሮ፣ እራት ሽሮ። ዕቃውን የማጥበው እኔ፣ ልብሱን የማጥበው እኔ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እጄ ፊቴን አልቧጠጠኝም። ዘወር ብዬ እጄን አየሁት። ስንጥቁ ገጥሟል።

«ውኃው ነው!» አለች እህቴ ከአልጋዋ። «የኛ ውኃ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው።»

አመንኳት። ስመለስ ሁለት ጄሪካን ውኃ ይዤ ተመለስኩ። ከአራብሳ እስከ ገርጂ፣ ሁለት ጊዜ ታክሲ ቀይሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ተሳፋሪው ጠበል መስሎት ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ አንዲት ሴትማ «ለበረከት ትንሽ ያፍስሱልኝ» ብላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች። የቧንቧ ውኃ ነው ብላት ታፍራለች ብዬ ቀዳሁላት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በአራብሳ ውኃ እየታጠብኩ፣ በአራብሳ ውኃ እያበሰልኩ፣ በአራተኛው ቀን እጄ ተነሳ።

ያን ቀን ወጥ ቤቴ መሀል ቆምኩና፣ እህቴ ቤት የሌለ እኔ ቤት ያለ ምንድነው ብዬ አንድ በአንድ አየሁ። ሳሙናው ያው ነው። ዘይቱ ያው ነው። ጤፉን ከአንድ ቦታ ነው የምንገዛው። ከመደርደሪያው ሥር ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ተቀምጧል። የእትዬ ሽሮ።

አማቴ ካረፉ ወዲህ፣ በየዓመቱ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ እትዬ ለዘመድ ሁሉ ሽሮ ያዘጋጃሉ። ለሁሉም በየባልዲው ይልካሉ። ባሌ ከእሱ ሌላ ሽሮ አይበላም ነበር፤ እኔ ገዝቼ የሠራሁ ቀን አንድ ጊዜ ቀምሶ «ይሄ የማን ነው?» ብሎ ይገፋዋል። ልጄም እንዲያው ናት። እኔ ራሴ ምን ልዋሽ፣ ይጥም ነበር። ምን እንደሚያደርጉበት ለማንም አይናገሩም።

ስልክ ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ ሽሮዎ ውስጥ ምን ምን ይገባል?»

«ምነው፣ ልትሸጪው ነው?» ብለው ሳቁ። «የእናቴ ነው እሱ። ከእናቴ የተቀበልኩት ከእኔው ጋር ይቀበራል።»

ለልጄ ነገርኳት። ቤቷ አያት ሰፈር ነው፤ ቅዳሜ ልትጠይቀኝ መጥታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን እየነካካች፣ ቀና ሳትል፣ «ኦቾሎኒ ነዋ» አለች።

«ምን?»

«ኦቾሎኒ። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ከተፈጨ በኋላ ትቀይጠዋለች። ወፍጮ ቤት እንዳያውቁ።» ከዚያ ቀና አለች። «ውይ፣ እማዬ! ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስምላኛለች። አያቴ እንኳ አታደርገውም ነበር፤ የራሷ ፈጠራ ነው። በሞቴ እንዳትናገሪ።»

«መቼ ነው ያስተማሩሽ?»

«ከመልሱ በፊት። ‹አንቺ ነሽ ወራሼ› ብላ።»

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ስለ በሽታው ማሰብ ነበረበት። እኔ ያሰብኩት ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ በር ዘግተው፣ ልጄ ስትወቅጥ እሳቸው ሲቀምሱ፣ ሲሳሳቁ ነው። ወራሽ። እኔ ለልጄ ያወረስኳት ምንድነው? እሺ፣ አልናገርም አልኳት።

ሐኪሟ ክንዴ ላይ የተለያየ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረገች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። የኦቾሎኒው ቦታ ብቻ ትንኝ እንደነከሰው አብጦ ቀላ። «ሲበሉትም ሲነኩትም ነው፣ እናቴ» አለች። «ዱቄቱን በእጅዎ ነው የሚዘግኑት?» በእጄ ነው። ማን ሽሮ በማንኪያ ይሰፍራል? በጾም ደግሞ በቀን ሁለቴ።

ደስ አለኝ። ያን ቀን ከክሊኒኩ ወጥቼ፣ የቦሌን አስፋልት በእግሬ እስከ ድልድዩ ድረስ ስሄድ ፈገግ እያልኩ ነበር። ሃያ ዓመት ከአምላክ ነው፣ ከኃጢአቴ ነው፣ ከቂሜ ነው ስባል የኖርኩት፣ ከእሳቸው ባልዲ ሆኖ ተገኘ። ሆን ብለው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። እንዳላወቁም አውቃለሁ። ደስታዬን አልቀነሰውም።

ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄው ሥራዬ ሆኗል። የታሸገ ነገር ሁሉ ጀርባውን አነባለሁ። ብስኩት ውስጥ ኦቾሎኒ አለ፤ ሰው ቤት የሚቀርብ ቆሎ ውስጥ አለ። ድግስ ስሄድ የጾም ወጥ አልነካም። ሽሮ የምበላው ራሴ ያስፈጨሁትን፣ ንጹሕ አተሩን ብቻ ነው። ሽንኩርት በጓንት እከትፋለሁ፣ ማታ ቅባቴን እቀባለሁ። ችፌው ጨርሶ አልጠፋም። ብርድ ሲሆን ይመጣል፣ ስናደድም ይመጣል። ግን በስድስት ወር ውስጥ እጄ የሰው እጅ ሆነ። ሰላም ሲሉኝ መዳፌን መስጠት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ሰው እጄን ትንሽ ሲያቆየው ምን ልሁን እል ነበር።

ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ሁለት ጊዜ ሽሮ ላኩልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልክ ደውዬ አመስግኜ፣ ባልዲውን ለኮንዶሚንየሙ ጥበቃ ሰጠሁት። ለምን ዝም አልሽ ቢሉኝ፣ ለብቻ መናገር አልፈለግሁም። እሳቸውስ ለብቻዬ ነበር የመለሱኝ?

አምና ልጄ ወለደች፣ ሴት ልጅ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን አያት፣ ልጄ ቤት፣ ሳሎኑ ጢም ብሎ ተቀመጥን። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። እትዬ ከአራሷ ጎን፣ ሶፋው ላይ፣ ቦታቸውን ይዘዋል። ትሪው ቀርቦ ሳስቀምጥ ቀኝ እጄን ያዙና ወደ ላይ አነሱት፤ ለአማቼ እናት ለማሳየት።

«እይልኝ ይቺን እጅ! የሕፃን እጅ አትመስልም? ያን ዓመት ጹሚ፣ ጹሚ ብዬ ያስጾምኳት እኔ ነኝ።»

«እውነትም!» አለች የአማቼ እናት። «እርስዎ ያሉት ሁሉ ይሰምራል፣ እትዬ።»

«መች በዋዛ ሰማችኝ! እንደ በቅሎ ነው የጎተትኳት።»

ሰው ሳቀ። እትዬ እጄን ለቀቁና እየሳቁ እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ። ለልጄ ጉርሻ መጠቅለል ጀመሩ።

«ጾሙ አይደለም፣ እትዬ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እጄን ያዳነው ጾሙ አይደለም። ሽሮዎን ስተው ነው የተሻለኝ። ኦቾሎኒ ይቀይጡበታል። ሐኪም ክንዴ ላይ አይታዋለች። እናትዎ ያላደረጉትን እርስዎ ጨምረው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በባልዲ እየላኩ እጄን ያቆሰሉት እርስዎ ነዎት።»

እኔን ያዩኛል ብዬ ነበር፤ እትዬ ግን ያዩት ልጄን ነው።

«አንቺ ነሽ የነገርሻት?» አሏት፣ ቀስ ብለው።

ልጄ ዓይኗ ሞላ። እትዬ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ነጠላቸውን ሳቡ፣ ጫማቸውን ፈለጉ፣ «ራሴን አሞኛል» ብለው ወጡ። የልጄ ባል ሊሸኛቸው ተከትሏቸው ሄደ።

እኔ እጄን ታጠብኩ። ጠቀለልኩ። ወደ ልጄ አፍ ዘረጋሁ። ሰው ሁሉ እያየን ነበርና አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ለረጅም ጊዜ አላመጠችው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ለብቻዋ ብትነግሪያት ምን ነበረበት?»

«እሳቸው በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ነው የመለሱኝ።»

«ስድስት ዓመት ሊሆነው እኮ ነው፣ እማዬ! እኔ እጅሽን መመለሷን እንኳ አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ።»

«በሞቴ ብዬሽ ነበር።» በሩን ተደግፋ ቆመች። «አሁን ደስ አለሽ?»

«አዎ» አልኳት።

ልጄ ሁለት ወር አልደወለችልኝም። ከዚያ ደወለች፤ ሕፃኗን ወደ ክትባት አብሬያት እንድወስድ። ሄድኩ። ስለዚያ ቀን አልተነጋገርንም። የባሌ ዘመዶች ጉርድ ሾላ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብኝ፤ አልሄድኩም። እትዬ ለማንም ሽሮ መላክ አቆሙ። ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አተር ገዛሁ፣ ለቀምኩ፣ ቆላሁ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ አስፈጨሁ። እሳቸው ይልኩላቸው ለነበሩት ዘመዶች ሁሉ ላክኩ። ለእሳቸውም ላክኩላቸው።